እትዬ ስድሳ እና ቁልፍ የሌለው መጻፊያ

እትዬ ስድሳን ያወቅኋቸው በቃል መቀበያ ክፍል ነው። ክፍሉ በመሥሪያ ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከደረጃው በስተቀኝ ነበር፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ሰፊ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበርና በሩ በደንብ የማይዘጋ የብረት ቁም ሳጥን ነበረው። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ወይም ከአሠሪው ጋር ክርክር የገጠመ ሰው ምስክሮቹን ይዞ ወደዚያ ይመጣል። ምስክሩ ከጠረጴዛው ማዶ ይቀመጣል፣ እትዬ ስድሳ ከወዲህ። እሱ ይናገራል፤ እሳቸው ይጽፋሉ። የተጻፈው ታትሞ፣ ተፈርሞበትና ማህተም ተመትቶበት ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ማህተም መቺው እኔ ነበርኩ። የእኔን ክፍል ከእሳቸው ጋር የሚያገናኘው በር ሁልጊዜ ክፍት ስለነበር፣ ከዚህ በታች የምተርከውን አብዛኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የቀረውን ከራሳቸውና ከወንድማቸው ልጅ ከሚጡ ሰምቼዋለሁ።

ስድሳ የተባሉት በወጣትነታቸው የጽሕፈት ትምህርት ሲጨርሱ በደቂቃ ስድሳ ቃል መትተው የምስክር ወረቀት ስላገኙ ነው። ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። እኔ ባወቅኋቸው ጊዜ ግን ሃምሳ ሰባት ሞልቷቸው ነበርና፣ አዲስ የሚቀጠር ሁሉ ዕድሜያቸው የሚጠራ ይመስለው ነበር። እሳቸውም አይቆጡም። «ስሜ ቀድሞኝ ሄዶ ነበር፤ ይኸው ልደርስበት ሦስት ዓመት ቀረኝ» ይሉ ነበር። ስድሳ ሲሞላቸው ጡረታ የሚወጡበት ጊዜም ስለሆነ ነገሩ እንደ ቀልድ ብቻ የሚታለፍ አልነበረም።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርገውታል፤ ምክንያቱም የምስክሩን ፊት ይጋርድባቸዋል። ኪቦርዱን ሆዳቸው ድረስ ያስጠጋሉ። በሁለት ቁልፎች ላይ በጣት የሚዳሰሱ ትንንሽ እብጠቶች አሉ፤ የግራና የቀኝ ጠቋሚ ጣታቸውን እነዚያ ላይ ካሳረፉ በኋላ ቀና ብለው ምስክሩን ያያሉ፤ ቃሉ እስኪያልቅም ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አያነሡም። ቁልፎቹ ላይ ተጽፈው የነበሩት ፊደሎች ከመነካካት ብዛት ተልጠው አልቀዋል። አንድ ጊዜ ታመው በቀሩ ዕለት ተተክቶ የገባ ጸሐፊ ባዶ ቁልፎቹን አይቶ፣ «ይህ ለዓይነ ስውር የተሠራ ነው እንዴ?» ብሎ ተመልሶ ወጣ።

እትዬ ስድሳ ምስክርን ጠይቀው አያውቁም። መጠየቅ የዳኛ ነው፣ የእኔ መጻፍ ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። ነገር ግን ሰውየው አፉ የተናገረውን ፊቱ ያልተቀበለው እንደሆነ እጃቸው ቀጥ ይላል። ያ ሲንኳኳ የቆየው የቁልፍ ድምፅ በድንገት ሲቋረጥ ምስክሩ ይደነግጥና ቀና ይላል። እሳቸው ዝም ብለው ያዩታል። ግማሹ የተናገረውን ደግሞ ይናገረዋል፤ ያን ጊዜ እንዳለ ይጽፉታል። ግማሹ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እንግዲህ እውነቱን ለመናገር…» ብሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔ ከክፍሌ ሆኜ ድምፁ ጸጥ ሲል ብዕሬን አስቀምጬ እጠብቅ ነበር።

አዲሱ ኃላፊ የመጣው በዚያ ዓመት ነው። ወጣት፣ ትሑት፣ ሰው ሲያናግር ከወንበሩ የሚነሣ ሰው ነበር። ሁላችንንም ሰብስቦ ነገሩን አስረዳን። ቃል የምንጽፍበትን ፕሮግራም የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ቢበላሽ የሚያስተካክለው የለም። ኮምፒውተሮቹም አርጅተዋል። ከእንግዲህ ሁሉ ነገር በታብሌት ይሆናል፤ መጻፉም፣ ፎቶ ማንሣቱም፣ ወደ ፍርድ ቤት መላኩም። «ስልካችሁ ላይ ያለው አሠራር ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» አለ። ሐኪሙ እያልን የምንጠራው የኮምፒውተር ጠጋኝም ራሱን እየነቀነቀ አረጋገጠለት። የእትዬ ስድሳን ኮምፒውተር በተለይ እያሳየ፣ «ይቺ ከሞተች ቆየች፤ እስካሁን የምትተነፍሰው እትዬን አክብራ ነው» አለ።

ከስብሰባው በኋላ ኃላፊው እትዬ ስድሳን ለብቻቸው አነጋገራቸው። አንድ ሳምንት በታብሌቱ ይሞክሩ፤ ከሆነላቸው ወንበራቸው የራሳቸው ነው። ካልሆነ ግን ቀሪውን ሦስት ዓመት ምድር ቤት ባለው የድሮ ፋይሎች ማስቀመጫ ይሠራሉ፤ ወንበሩንም ለሚጡ ይሰጣታል። ይህን ሲል እንዳይከፋቸው ብሎ ምድር ቤቱ ጸጥ ያለ ቦታ መሆኑን ጨመረላቸው።

«መቃብርም ጸጥ ያለ ነው አለቃ» አሉት እትዬ ስድሳ፤ ታብሌቱንም ተቀብለው ወጡ።

ሚጡ ማን እንደሆነች መናገር ይገባኛል። እትዬ ስድሳ ልጅ አልወለዱም። ወንድማቸው ሲሞት የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁን አምጥተው አሳደጉ፣ አስተማሩ፤ ተመርቃም ባለፈው ዓመት እኛው ዘንድ መግቢያው ላይ በመረጃ ሠራተኝነት ተቀጠረች። ሁለቱ አንድ ቤት ይኖራሉ፤ ጠዋት አብረው ይመጣሉ፣ ማታ አብረው ይመለሳሉ። ስለዚህ ወንበሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢያልፍ ከቤተሰቡ አይወጣም ብለን እንቀልድ ነበር። ቀልዱ ለሁለቱ አልጣማቸውም።

በዚያ ማታ እራት ላይ ክርክር እንደገጠሙ ሚጡ ነግራኛለች። አክስትየዋ ሳህን እያነሡ፣ ስልክ ስልክ ነው፣ ለመደወያ ነው የተሠራው፣ የመሥሪያ ቤት ሥራ ግን ተቀምጠው የሚሠሩት ነገር ነው አሉ። ሚጡ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፏን ግማሹን አውቶብስ ውስጥ ቆማ በስልኳ እንደጻፈችው አስታወሰቻቸው።

«ለዚያ ነዋ ስታነቢልኝ ስወዛወዝ የነበርኩት» አሏት።

ሚጡ ግን አልተበገረችም። የኮምፒውተሩ ሳጥን የሚሠራው ታብሌቱ የማይሠራው ምን ነገር አለ ብላ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ይጽፋል፤ ይኸኛውም ይጽፋል። ያትማል፤ ይኸኛውም ያለ ገመድ ያትማል። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ አብሮ ይጠፋል፤ ይኸኛው አይጠፋም። ምስክሩ ሕመምተኛ ቢሆን ሳጥኑን ተሸክመሽ ቤቱ ትሄጃለሽ? እትዬ ስድሳ ሐቀኛ ሰው ስለነበሩ አልካዱም። መብራት ጠፍቶባቸው ሦስት ጊዜ የሰው ቃል እንደጠፋ ያስታውሳሉ። ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒውተር የተዛወሩ ጊዜም እንዲሁ ፈርተው፣ መኪናውን ምናልባት ቢያስፈልግ ብለው ጨርቅ አልብሰው ቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ዓመት አስቀምጠውት ነበር፤ አንድም ቀን ግን አላወረዱትም። በመጨረሻ ያገኙት መልስ፣ «ሳጥኑን ለምጄዋለሁ» የሚል ብቻ ነበር። እሱም መልስ እንዳልሆነ ያውቁታል።

ሰኞ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ኮምፒውተሩን ሐኪሙ ነቅሎ ከነኪቦርዱ ጥግ አቁሞታል። የመጀመሪያዋ ምስክር የልብስ ስፌት ሠራተኛ ነበረች። እትዬ ስድሳ እንደ ልማዳቸው ጣቶቻቸውን ሲያሳርፉ የታብሌቱ መስተዋት ላይ ስምንት ፊደል በአንድ ጊዜ ተጻፈ። አጠፉት። እንደገና አሳረፉ፤ እንደገና ተጻፈ። መስተዋት ላይ ጣት ማሳረፍ ራሱ መጻፍ ነውና፣ እጃቸውን አየር ላይ ሰቅለው፣ ታጥቦ ፎጣ እንዳጣ ሰው ሆኑ። ፊደሉን በጣት ዳብሰው ማግኘት ስለማይቻል አጎንብሰው እየፈለጉ መንካት ጀመሩ። ሴትዮዋ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ተናገረች። በሦስተኛው ጊዜ ሰልችቷት አሳጠረችው። እትዬ ስድሳ ያን ቀን ፊቷን አላዩትም፤ ከወጣች በኋላ፣ «መነጽር አድርጋ ነበር?» ብለው እኔን ጠየቁኝ።

ማክሰኞም ከሰኞ አልተሻለም። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ወደ ኃላፊው ሄዱና፣ «ለልጅቷ ስጧት፤ ሰው አላጉላላ» አሉት። ኃላፊውም ዓርብ ይወሰናል፣ እስከዚያ ሚጡ ትጻፍ፣ እርስዎ ግን አጠገቧ ሆነው አብረው ይፈርሙ አላቸው።

ረቡዕ የመጣው መጋዝ ሞራጅ ነበር። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጣቶቹ በብረት ብናኝ የጠቆሩ፣ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ የሚያዟዙር ሰው ነው። ጉዳዩ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት የደረሰ አደጋ ነበር፤ አንድን ሠራተኛ ክብ መጋዝ ሁለት ጣቱን ቆርጦታል። ባለቤቱ፣ መከላከያ ክዳኑ መጋዙ ላይ ነበር፣ ልጁ ራሱ ነው ያልተጠነቀቀው ይላል። ሠራተኛው ክዳኑ ተነቅሎ ነበር ይላል። በዚያን ሰዓት እዚያ የነበረ ሦስተኛ ሰው ሞራጁ ብቻ ነው። የባለቤቱን መጋዞች በየሳምንቱ የሚሞርደውም እሱ ነው፤ ከዚያ ቤት ቢባረር ሌላ ደንበኛ እንደልቡ አያገኝም።

ሚጡ ታብሌቱን ይዛ መሐል ተቀመጠች፤ አክስቷ ከጎኗ። ሞራጁ መናገር ጀመረ። ጠዋት ነው የደረስኩት፣ ሁለት መጋዝ ይዤ ነበር፣ በጓሮ በር ነው የገባሁት። ሚጡ በሁለት አውራ ጣቷ እየጻፈች ተከተለችው፤ እውነት ለመናገር እሱ ከሚናገርበት ፍጥነት አልዘገየችም። ግን ምንም ድምፅ የለም። አጎንብሳ ስለነበርም ሰውየው ለአናቷ የሚናገር ይመስል ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይሰማኝ ነበር። ኮ ኮ ኮ የሚል። ብዕሬን ይዤ በበሩ አጮለቅኩ። እትዬ ስድሳ ዓይናቸውን ሞራጁ ላይ ተክለው፣ ሳያውቁት፣ በጥፍራቸው የጠረጴዛውን ጣውላ እየመቱ የሰውየውን ቃል ይጽፋሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራ እጅ ሥራ ሲፈታ የሚያደርገው ሌላ ምን አለ?

ሞራጁ ወደ ዋናው ነገር ደረሰ። «ክዳኑ መጋዙ ላይ ነበር» አለ። ቆቡን ማዟዟሩን አቆመ። ሚጡ አጎንብሳ ጻፈችው፤ እንዲያውም «ነበር» የሚለውን ቃል ሰውየው ሳይጨርሰው ታብሌቱ ራሱ አቀበላት፤ ነካ አድርጋ አለፈች።

ጣውላው ላይ የነበረው ድምፅ ቆመ።

ሞራጁ ቀና አለ። ሚጡን አላያትም፤ ያየው እትዬ ስድሳን ነው። እሳቸውም አዩት። ጣቶቻቸው ጣውላው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ከውጭ የሰው ኮቴ ደረጃውን ሲወጣ ተሰማ፣ አለፈ።

«እትዬ፣ ልጆች አሉኝ» አለ ሞራጁ ቀስ ብሎ።

እትዬ ስድሳ ዓይናቸውን ከፊቱ ላይ አላነሡም።

«ጣቱ የተቆረጠውም ልጆች አሉት ለካ» አለ። ከዚያ ወደ ሚጡ ዞሮ፣ «ልጄ፣ ያንን አጥፊልኝ። ክዳኑ መጋዙ ላይ አልነበረም። ተነቅሎ ግድግዳው ጥግ ተደግፎ ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ እዚያው ነው ያየሁት» አለ። ጣውላው እንደገና ኮ ኮ ኮ ማለት ጀመረ።

ሰውየው ፈርሞ ከወጣ በኋላ ሚጡ ታብሌቱን አስቀመጠችና አክስቷን አየቻቸው።

«አክስቴ፣ ሰውየውን ምን አደረግሽው?»

«ምንም። ዝም አልኩ።»

«መች ስትናገሪ ነበርና ነው ዝም ያልሽው?»

እትዬ ስድሳ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡና አዩት፤ ጣውላውን ሲመቱ እንደነበር ያን ጊዜ ነው እሳቸውም የገባቸው። ሚጡ ጣውላው ላይ የቀሩትን የጥፍር ምልክቶች በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ ተነሥታ ጥግ ወደቆመው አሮጌ ኮምፒውተር ሄደች፣ ከጀርባው የኪቦርዱን ገመድ ነቀለች፣ ኪቦርዱንም ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ ሐኪሙ ወረደች።

የጣት አንጓ የሚያህል ማገናኛ ነበር ያስፈለገው። ሐኪሙ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣት። መጀመሪያ ሲያገናኙት ቁልፉ ሌላ፣ የሚጻፈው ሌላ ሆነ፤ ሐኪሙም፣ «ታብሌቱ እንግዳ ነው፣ ኪቦርዷን አላወቃትም» ብሎ ሳቀ። ሚጡ የታብሌቱን ማስተካከያ ስትጎረጉር ዋለች። አሥር ሰዓት ላይ ሁለቱንም ይዛ መጥታ አክስቷ ፊት አስቀመጠችላቸው።

እትዬ ስድሳ ጠቋሚ ጣቶቻቸውን እብጠቶቹ ላይ አሳረፉ። ምንም ሳይጻፍ ጣታቸው ዐረፈ። ከዚያ እኔን በበሩ በኩል እያዩኝ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉ፤ ስለ እኔ የቡና ስኒ አለመታጠብ ነበር። አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

ጽፈው ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ላይ ደስታ ብቻ አይደለም ያየሁት፤ እፍረትም ነበረበት። «ሳጥኑን መች ወድጄው አውቃለሁ?» አሉ። «በሙቀት ጊዜ እግሬን ሲጠብሰኝ የኖረ ነው። ይኸን ሁሉ ቀን ለእሱ ጥብቅና የቆምኩት ምን ነክቶኝ ነው?»

በማግስቱ ሚጡ ወደ ኃላፊው ገባች። ወንበሩ ለእሷ ሊሆን የቀረው አንድ ቀን ነበር። የረቡዕን ቃል ጣቷ ቢጽፈውም ያወጣው ግን የአክስቷ ዝምታ መሆኑን፣ ቃል ተቀባይ ሲያጎነብስ ምስክሩ ብቻውን እንደሚቀር ነገረችው። ኃላፊውም፣ «እና ኮምፒውተሩን ልመልሰው?» አለ።

«አይ፣ እሱ ይሂድ። ታብሌቱ ይበቃል። ኪቦርዱ ብቻ ይቅር» አለችው።

ኃላፊው ያሰበውን ሁሉ አላገኘም፤ ያንንም መናገር ተገቢ ነው። በዚያው ዕለት የሞራጁ ቃል ከፍርድ ቤት ተመልሶ መጣ። አዲሱ ፕሮግራም የገጹን ልክ ስለማያውቅ ፊርማውን ለብቻው ሁለተኛ ገጽ ላይ አውርዶታል፤ ፊርማ ብቻውን ያለበትን ገጽ ደግሞ ፍርድ ቤት አይቀበልም፣ ከየትኛው ቃል ጋር እንደተፈረመ አይታወቅማ። ይህን ጉድ እኔም ማህተም ስመታ አላየሁትም። የዓመቱ መዝገብ ሠንጠረዥም አርባ ዓምድ ስላለው በታብሌቱ ሲከፈት እንደ ጉንዳን ሰልፍ ሆነ። ስለዚህ ለሠንጠረዡና ገጽ ለማስተካከል አንድ ኮምፒውተር መዝገብ ቤት ቀረ፤ የቀሩት ሁሉ ወጡ። ሚጡ ታብሌቷን ይዛ ከአልጋቸው መነሣት የማይችሉ ጉዳተኞችን በየቤታቸው እየሄደች ቃል እንድትቀበል ተመደበች፤ ሳጥን ተሸክሞ የማይሠራ ሥራ ነውና። እትዬ ስድሳ በወንበራቸው ቀሩ።

ዓርብ ጠዋት ሞራጁ እንደገና እንዲፈርም ተጠርቶ መጣ። ሲገባ ፈራ ያለ ይመስላል፤ ሐሳብህን ቀይረሃል ወይ ሊሉኝ ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም። እትዬ ስድሳ ገጹ ተበላሽቶ መሆኑን ነግረው አስቀመጡት። ቃሉን ማንበብ እንዳለበት ሲያስቡ ነው አንድ ነገር ያደረጉት። የድሮው ስክሪን እንዲህ አይነቃነቅም ነበር፤ ታብሌቱን ግን በሁለት ጣት አንሥተው አዞሩና ፊቱን ለሞራጁ ሰጡት። ለእሳቸው አያስፈልጋቸውም ነበርኮ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሲጽፉ የሚጻፈውን አላዩም።

ሞራጁ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። መጨረሻ አካባቢ ሲደርስ ቆመ።

«እትዬ፣ ግድግዳው ጥግ ይላል።»

«እንደዚያ ነው ያሉት።»

«ቤቱ አራት ጥግ አለው። ዳኞቹ ሄደው ቢያዩ የትኛው ነው ይላሉ። ከጓሮ በር ሲገቡ በስተግራ ያለው ነው፤ እሱን ይጨምሩልኝ።»

እትዬ ስድሳ ሰውየውን እያዩ እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉ። ቁልፎቹ ተንኳኩ። ሞራጁ ከፊቱ ቃሉ ፊደል በፊደል ሲገባ ተከታተለ፤ «ግራ» የሚለው ሲጻፍ ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን ሆነ» አለ፤ ብዕርም ጠየቀ።